የቀሩትን ሁለት ክፍሎች አትንኳቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እንቅልፍ ካጣሁ አንድ ሳምንት ሊሞላኝ ነው። የምንኖረው የባለቤቴ አባት ከ40 ዓመት በፊት ባሠሩት ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የአንዱን ክፍል ኮርኒስ ልናድስ ብለን አፈረስነው። ግራጫ፣ ጠንካራ፣ እንደ ስስ ሲሚንቶ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ባለቤቴ ሁለት ወጣት የቀን ሠራተኞች ቀጥሮ በመዶሻ እየሰበሩ አወረዱት። አልወርድ ያለውን እሱ ራሱ በግራይንደር ቆረጠው። ቤቱ በአቧራ ታፈነ። ማታ እኔ በመጥረጊያ ጠራርጌ አወጣሁት። የ6 ዓመት ልጄ ከስብርባሪው ትንሽ ቤት ሠርቶ ሲጫወት ዋለ። በማግስቱ አንድ የምናውቃቸው አናጢ መጥተው «ይሄ እኮ አስቤስቶስ ነው!» አሉን። ከዚያ ወዲህ ሳነብ ነፍሴ ልትወጣ ነው። ባለቤቴ ግን «አባቴ 40 ዓመት ከሥሩ ተኝተው ምንም አልሆኑም፤ የቀሩት ሁለት ክፍሎች በሚቀጥለው ቅዳሜ ያልቃሉ» ይላል። ልጄን ምን አድርጌዋለሁ? ሐኪም ቤት ልውሰደው? ቤቱን ለቀን እንውጣ?

እንቅልፍ ያጣች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እስቲ መጀመሪያ ረጋ በይ። ልጅሽ በአንድ ቅዳሜ አቧራ አልጠፋም። ይህን የምልሽ ላባብልሽ ብዬ አይደለም። አስቤስቶስ ሰውን የሚጎዳበት መንገድ ራሱ እንዲህ ስለሆነ ነው፤ ዝቅ ብዬ አስረዳሻለሁ። ቤታችሁንም ለቃችሁ መውጣት የለባችሁም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ ግን መቅረት አለበት። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ነገሩ ምን እንደሆነ ካወቅሽው ፍርሃትሽም ልኩን ይይዛል። አስቤስቶስ ፋብሪካ የፈለሰፈው ኬሚካል አይደለም። ከመሬት የሚቆፈር ድንጋይ ነው። ሲመታ ግን እንደ ሌላው ድንጋይ አይደቅም፤ እንደ ጥጥ ይፈታል፣ ክር ይሆናል። በዚህ ስም የሚጠሩት ማዕድናት ስድስት ናቸው። በብዛት ገበያ ላይ የዋሉት ነጩ፣ ቡናማውና ሰማያዊው ናቸው። እሳት አይበላውም፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ስለዚህ ያልገባበት ቦታ የለም። ክዳን ላይ፣ ኮርኒስ ላይ፣ የውኃ ቧንቧ ውስጥ፣ የወለል ንጣፍ ውስጥ፣ የቦይለር መጠቅለያ ላይ፣ የመኪና ፍሬን ሸራ ላይ ሳይቀር ገብቷል።

የእናንተ ዓይነቱ ጠፍጣፋ፣ አናጢው እንዳሉት ከሆነ፣ ክሩ ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ የተሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው አስቤስቶስ ነው፣ ቀሪው ሲሚንቶ። ሲሚንቶው ክሩን ጨብጦ ይይዘዋል። ጭብጡ እስካልተፈታ ድረስ ክሩ የትም አይሄድም።

ባለቤትሽ ስለ አባቱ የተናገረው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። እውነቱን ነው። እሳቸው 40 ዓመት ከሥሩ ተኝተው ምንም አለመሆናቸው አይገርመኝም። ግን የተኙት ካልተነካ ኮርኒስ ሥር ነው። ያልተሰነጠቀ፣ ያልተበሳ፣ ቀለም የተቀባ ጠፍጣፋ ወደ አየር የሚለቀው ክር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቅዳሜ ዕለት ግን ያው ኮርኒስ ሌላ ነገር ሆነ። ግራይንደር በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተሽከረከረ ሲሚንቶውንም ክሩንም አንድ ላይ ይፈጫቸዋል። የ40 ዓመቱ ሰላም ለቀሩት ሁለት ክፍሎች ማስረጃ ከሆነ፣ ማስረጃነቱ «ባሉበት ተዋቸው» ለሚለው ነው።

አንድ ጊዜ የተሰበረ የአስቤስቶስ ክዳን ቁራጭ በታሸገ ግልጽ ከረጢት ውስጥ ሆኖ በቅርብ አይቻለሁ። ከሩቅ ተራ ሲሚንቶ ነው። ጠጋ ስል ከስብራቱ ጠርዝ ላይ አጫጭር ነጫጭ ፀጉሮች ብቅ ብቅ ብለዋል፤ ልክ እንደ አሮጌ ሸሚዝ ኮሌታ ጫፉ ተተርትሯል። ዓይን የሚያየው ይህ ገና ጥቅሉ ነው። የሚያስፈራው ከጥቅሉ ተሰንጥቆ የሚወጣው ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ይሆናል። ባለሙያዎች አየር ሲለኩ በማይክሮስኮፕ የሚቆጥሩት ክር ግን ከ3 ማይክሮሜትር የቀጠነ፣ ከ5 ማይክሮሜትር የረዘመውን ነው። በመስኮት በገባ ፀሐይ ላይ ሲንሳፈፍ ያየሽው አቧራ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ የሚይዙት ነው። ይሄኛው ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስነጥስም። ዝም ብሎ እስከ ሳንባ ጥግ ይገባል። ቶሎ አይረግፍም፤ ሰዓታት አየር ላይ ይቆያል፤ በመጥረጊያ ሲነኩት ደግሞ ተመልሶ ይነሣል።

ሳንባችን ውስጥ የገባውን ባዕድ ነገር እየዋጡ የሚያጸዱ ሕዋሳት አሉ። አንዱ መጥቶ ክሩን ሊውጠው ይሞክራል። ክሩ ከሱ ይረዝማል። ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ይቀራል። ሕዋሱ እዚያው ይሞታል፤ ሲሞት የሚያፈሰው ነገር ዙሪያውን ያቆስላል። ሌላው ይመጣል፣ እሱም እንደዚያው። ይህ ለዓመታት ይቀጥላል። ቁስሉ ጠባሳ እየሆነ ሳንባ ሲደድር አስቤስቶሲስ ይባላል፤ ሰውየው ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ሌላው መንገድ ካንሰር ነው፦ የሳንባ፣ የማንቁርት፣ የእንቁላል ማኅደር። ከሁሉም አስቤስቶስን ለይቶ የሚያሳብቀው ሜሶቴሊዮማ ነው፤ ሳንባንና የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ካንሰር። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ቦታ በአስቤስቶስ ምክንያት በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል። ነጩ ከሰማያዊው ይሻላል የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው። ሁሉም ዓይነት ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል።

«እኔ ስንት ዓመት ስቆርጠው ኖሬያለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚሉ ሰዎችም ያጋጥሙሻል። ልክ ናቸው፣ እስካሁን። ሜሶቴሊዮማ ከመጀመሪያው አቧራ በኋላ ለመታየት ከ20 እስከ 50 ዓመት ይወስዳል። በ20 ዓመቱ የተነፈሰው ሰው በ60 ዓመቱ ያመዋል። በመካከሉ ምንም የለም። ሳል የለም፣ ትኩሳት የለም። ስንቱ ሰው በዚህ ተታሏል!

ነገሩ ሳይታወቅ ቀርቶም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ ውስጥ አስቤስቶስ ስትፈትል የኖረች ኔሊ ከርሾ የምትባል ሴት በ33 ዓመቷ ሞተች። ሐኪሙ ሳንባዋን በማይክሮስኮፕ ሲያየው ማዕድኑን አገኘው። እዚያው አገር በ1931 ለፋብሪካዎች የአቧራ ደንብ ወጣ። በ1960 ደግሞ ዋግነር የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በደቡብ አፍሪካ የ33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማንን ታሪክ አሳተመ። አብዛኞቹ የሰማያዊ አስቤስቶስ ማዕድን ከሚቆፈርበት አካባቢ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ሁሉም ግን ቆፋሪዎች አልነበሩም። በልጅነታቸው እዚያ አካባቢ የኖሩም ነበሩበት።

ይህን ስታነቢ ልብሽ ወደ ልጅሽ እንደሚሄድ አውቃለሁ። እነዚያ ልጆች ግን አቧራው ውስጥ ለዓመታት የኖሩ ናቸው። የአስቤስቶስ ጉዳት ተጠራቃሚ ነው፤ በብዛትና በዓመታት ይቆጠራል። የታመሙት በአብዛኛው በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ በአቧራ ተውጠው የሠሩ ሰዎች ናቸው። «እስከዚህ ድረስ ምንም አያደርግም» የሚባል ልክ አልተገኘም፤ ስለዚህ ዜሮ ነው አልልሽም፣ አልዋሽሽም። የአንድ ቀን አቧራ የሚጨምረው አደጋ ግን በጣም ትንሽ ነው። ልጅ ከፊቱ ብዙ ዓመት ስላለው ሁለተኛ እንዳይደገም ከአዋቂ ይበልጥ መጠበቅ አለብን። የእናትነት ሥራሽ አሁን ይሄ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ራስሽን መቅጣት አይደለም።

ሐኪም ቤት ስላልሽው፦ ለራጅ ብለሽ አትውሰጂው። ዛሬ የሚነሣ ራጅ ምንም አያሳይም፤ የገባውን ክር የሚያሳይ የደም ምርመራም የለም፣ የሚያስወጣ መድኃኒትም የለም። ልጁን በከንቱ ለጨረር ማጋለጥ ነው። ይልቅ ቀኑን፣ ለስንት ሰዓት እንደነበረና በምን እንደተቆረጠ በወረቀት ጻፊው። ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ስታገኙ አንቺም፣ ባለቤትሽም፣ የልጁም ካርድ ላይ ይመዝገብላችሁ። ከ30 ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም «አስቤስቶስ አጋጥሞህ ያውቃል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ይኖራል።

ቤታችሁ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ካለ ደግሞ ከራጅ ይልቅ የሚጠቅመው ማቆሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ በአሜሪካ የአስቤስቶስ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ከማያጨስና አስቤስቶስ ካላገኘው ሰው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው አስቤስቶስ ብቻ ላገኛቸው 5 እጥፍ፣ ለሚያጨሱ ብቻ 10 እጥፍ ገደማ፣ ሁለቱንም ለደረቡ 50 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሲጋራውና አቧራው ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም።

አሁን ወደ ክፍሉ። በሩን ዝጉት፤ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ አድርጉበት። ማራገቢያ ካለ አይከፈት። ልጁ አይግባ። በአካባቢያችሁ አስቤስቶስ ለማንሣት የሠለጠኑ ሰዎች ካሉ ጽዳቱን ለእነሱ ተዉት፤ ገንዘቡ ያዋጣል። ከሌሉ ደግሞ ደረቅ መጥረጊያ ክልክል ነው። ተራ ቫኪዩም ክሊነርም እንዲሁ፤ ማጣሪያው ክሩን አሳልፎ በጀርባው በኩል ክፍሉ ላይ ይረጨዋል። ሁሉም ነገር በእርጥቡ ይሠራል። ውኃ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት፤ ሳሙናው ውኃው ወደ አቧራው እንዲሰርግ ያደርገዋል። በቀስታ እየረጫችሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች እየጠረጋችሁ፣ ጨርቁን አንዴ አጥፋችሁ ከተጠቀማችሁ በኋላ ወደ ከረጢት ጣሉት። በባልዲ እያጠባችሁ መልሳችሁ አትጠቀሙበት። ከዚያ በፊት የክፍሉን መብራት ከቆጣሪው ማጥፋት እንዳትረሱ።

የጨርቅ ማስክና የሐኪም ቤቱ ሰማያዊ ማስክ ለዚህ አይሆኑም። ክሩ በጎንና በጎን ይገባል። ለዚህ የሚሆነው ኤፍኤፍፒ3 የሚል የተጻፈበት ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ማስክ ነው፤ ጢም ካለ ግን እሱም ያፈሳል። ቅዳሜ የጠረግሽበት መጥረጊያ ይጣል። የዚያን ቀን ልብስ አይራገፍ። አቧራ የበዛበትን ልብስ አርጥባችሁ አብራችሁ ጣሉት፣ አታሳዝኑት።

ስብርባሪው በወፍራም ላስቲክ ከረጢት፣ ያም በሌላ ከረጢት ተጠቅልሎ ይታሰርና ላዩ ላይ «አስቤስቶስ» ተብሎ ይጻፍበት። ወስዳችሁ የምትጥሉበትን ቦታ የአካባቢያችሁን ማዘጋጃ ቤት ወይም የቆሻሻ አስተዳደር ጠይቁ። አይቃጠል፤ ሲግል ይፈነዳል። ለግቢ መንገድ መሙያ አይሁን፤ በእግርና በመኪና እየተረገጠ ይፈጫል። አንድ ሰው መጥቶ «ደህናዎቹን ቁራጮች ለአጥር ስጡኝ» ይላችኋል። እምቢ በሉት።

ሌላም ነገር አለ። አናጢው ተሳስተው ሊሆን ይችላል። በኋላ የወጡ የሲሚንቶ ጠፍጣፋዎች በአስቤስቶስ ፋንታ የዕንጨት ወይም የፕላስቲክ ክር ነው ያላቸው፤ በዓይን አይለዩም፣ በእጅም አይለዩም። የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። እንግሊዝ በ1999፣ አውስትራሊያ በ2003 መጨረሻ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2005፣ ደቡብ አፍሪካ በ2008፣ ካናዳ በ2018 ነው ያገዱት (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። እስካሁን ያልታገደበት አገርም አለ። ስለዚህ 40 ዓመት የሞላው ግራጫ ጠፍጣፋ አለ ሲባል እኔ በበኩሌ አስቤስቶስ ነው ብዬ ነው የምነሣው። ለምርመራ አዲስ እንዳትሰብሩ። ከወደቀው ውስጥ ሳንቲም የሚያህል ቁራጭ አርጥባችሁ በሁለት ትናንሽ ከረጢቶች አሽጋችሁ ላኩ።

የቀሩት ሁለት ክፍሎች ደህና ከሆኑ፣ ማለትም ካልተሰነጠቁ፣ ውኃ ካላበሰበሳቸው፣ ይቀቡና ይቀመጡ። አይበሱ፣ አይፋቁ፣ መብራት ልሰቅል ተብሎ ምስማር አይመታባቸው። አዲስ መልክ ከፈለጋችሁ ከሥራቸው ሌላ ኮርኒስ መሥራት ይቻላል፤ ዕንጨቱ ግን ግድግዳው ላይ ይያዝ፣ አሮጌውን አይንካ። አንድ ቀን መነሣታቸው ግድ ከሆነ ደግሞ እየረጠቡ፣ ብሎናቸው ተፈቶ፣ ሙሉውን ሳይሰበሩ ነው የሚወርዱት። ሥራውን የሚወስደውን ሰው «እንዴት ነው የምታወርደው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከአፉ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «መዶሻ» ከሆነ አሰናብቱት።

ለባለቤትሽ «ገደልከን» አትበይው። እሱም ለቤቱ ብሎ ነው የደከመው። አባቱም ያንን ኮርኒስ ሲመርጡ የተሸጠላቸው እሳት የማይፈራ ዘላቂ ዕቃ ተብሎ ነው። ለሱ እንዲህ በይው፦ ግራይንደሩን የያዘው አንተ ነህ፤ አፍንጫህ ከሁላችንም ይልቅ ለአቧራው ቅርብ ነበር፤ የምጨነቀው ላንተም ነው። እውነትም ነውና ይሰማሻል።

ያቆየሁት ሌላ ጉዳይ አለኝ። በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ወጣት የቀን ሠራተኞች በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥተው ሄዱ። እኔን ከልጅሽ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሱኝ እነሱ ናቸው። ልጅሽ አንድ ቀን አገኘው፤ ጠንቃቃ እናት አለችው። እነሱ ግን ሰኞ ሌላ ቤት ገብተዋል። ማክሰኞ ሌላ። መዶሻቸው ያው ነው፣ ማስክ የለም። በ20 ዓመታቸው ጀምረው እስከ 40 በዚህ ሥራ ቢቆዩ የእነሱ አቧራ የአንድ ቅዳሜ አቧራ አይደለም። ከላይ እንዳልኩሽ የሚጠራቀመው እንዲህ ባለ ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኧርቪንግ ሴሊኮፍ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ያሳተመው ጥናት ዓለምን ያስደነገጠው ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ስላልነበረ ነው። ያጠናቸው በየሕንፃው እየዞሩ የሙቀት መከላከያ የሚሠሩ ሠራተኞችን ነበር፤ ልክ እንደነዚህ ልጆች ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ።

የዚያን ዕለት ልብሳቸውን ለብሰው ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት። ያንን ልብስ ያራገፈችና ያጠበች እናት ወይም እህት ይኖራል። የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ እያጠቡ ብቻ በሜሶቴሊዮማ የታመሙ ሴቶች በሕክምና ታሪክ ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ፋብሪካውን ረግጠውት አያውቁም ነበር።

ባለቤትሽ የልጆቹ ስልክ ይኖረዋል። ዛሬ ማታ ይደውልላቸው። «ኮርኒሱ አስቤስቶስ ሳይሆን አይቀርም፤ ልብሳችሁን ሳታራግፉ አርጥባችሁ ለብቻው እጠቡት፤ ከዚህ በኋላ ግራጫ ጠፍጣፋ ስታዩ አትስበሩት፣ ባለቤቱን ጠይቁ» ይበላቸው። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣም ይንገራቸው። የቅዳሜው ሥራ ስለቀረ የቀን ገቢያቸው ይጎድላልና፣ ከቻላችሁ ያንን ቀን ክፈሏቸው፤ ወይም ግቢ ውስጥ አቧራ የሌለው ሌላ ሥራ ፈልጉላቸው።